በ3,000 ብር የመጀመሪያዬን ዘፈን ማጫወቻ ልግዛ፤ «ኤምፒ5» ወይስ ኤምፒ3?

ጥያቄ፦ «ጅማ ቆጪ ሰፈር ነው የምኖረው። ቀን ቡና መጋዘን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ዘፈን የምሰማው በስልኬ ስለሆነ ማታ ላይ ባትሪው አልቆ በቴሌብር መክፈል እንኳን ያቅተኛል። ለዘፈን ብቻ የሚሆን ማጫወቻ ልግዛ ብዬ 3,000 ብር አጠራቅሜአለሁ። ጅማ መርካቶ አንድ ሱቅ ታች ስክሪን ያለው ‹ኤምፒ5› በ2,600 ብር አሳዩኝ። 128 ጂቢ አለው፣ ኢርፎንም አብሮት ይሰጣል። ሻጩ ‹ኤምፒ3 ድሮ ቀረ› አለኝ። ጅዳ ያለው አጎቴ ደግሞ አሮጌ አይፖዱን ልላክልህ ይላል። የቱ ይሻለኛል?»

መልስ፦ «ኤምፒ5» የተባለውን አትግዛ። አይፖዱንም ገና አታስልክ። ሁለቱንም በየተራ እናያቸዋለን፤ መጀመሪያ ግን ሻጩ የነገረህን እናስተካክል።

ኤምፒ3፣ ኤምፒ4፣ ኤምፒ5 ሲባል እንደ ትምህርት ቤት ክፍል እያደገ የሚሄድ ይመስላል። ኤምፒ3 ድምፅን አሳንሶ የማስቀመጫ ዘዴ ነው። ዋናውን ሥራ ከሠሩት መካከል የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም መሐንዲሶች ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ጆሯችን ለይቶ የማይሰማውን የድምፅ ክፍል ይጥላል፤ ፋይሉ ትንሽ የሚሆነው በዚህ ነው። ኤምፒ4 ግን ሌላ ነገር ነው። በራስህ ሥራ ልንገርህ፤ ኤምፒ4 ጆንያ ነው። ድምፅም ቪዲዮም ይገባበታል። ጆንያውን ከውጭ አይተህ የቡናውን ደረጃ አትናገርም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ኤምፒ5 የሚባል ደረጃ ደግሞ ጭራሽ የለም። ነጋዴ ያወጣው ስም ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨዋታና ካሜራ የተጨመረበት ርካሽ ዕቃ ላይ ይለጠፋል። «ድሮ ቀረ» የተባለው ኤምፒ3 እስካሁን ማንኛውም ማጫወቻ፣ ስልክ፣ የመኪና ቴፕ ሳያንገራግር የሚያነበው ፋይል ነው። የፈጠራ መብቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ስላበቃ አምራቾች ለእሱ ክፍያ አይጠየቁም።

አሁን ወደ 128 ጂቢው። በዚህ ዋጋ ታች ስክሪን፣ ኢርፎንና እውነተኛ 128 ጂቢ አብረው ይመጣሉ ብዬ አላምንም። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ልጅ ተመሳሳይ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። «የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ይሠራሉ፤ የኋለኞቹ ስማቸው ይታያል እንጂ ድምፅ የላቸውም» አለችኝ። ከጀርባው ያሉትን ሁለት ደቃቅ ብሎኖች ፈታሁና ከፈትኩት። ውስጡ በሙጫ የተለጠፈች፣ ምንም ያልተጻፈባት ሚሞሪ ካርድ አገኘሁ። በመፈተሻ ፕሮግራም ሳስኬዳት 8 ጂቢ እንኳን አልሞላችም። 128 የሚለው ቁጥር የነበረው ካርቶኑ ላይና ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ሚሞሪው ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ ውሸት እንድትናገር ተደርጋ ነው የምትሠራው። ኮምፒውተሩ «ስንት ጂቢ ነሽ?» ሲላት «128» ትላለች። ዘፈኑንም ትቀበላለች። ቦታው ሲያልቅባት ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ትደርባለች፣ ወይም ዝም ብላ ትጥለዋለች። የፋይሉ ስም ስለሚቀር ግን ዘፈኑ ያለ ይመስላል። አንድ ፈረሱላ ቡና ይዞ «ኩንታል ነኝ» የሚል ጆንያ በለው። ስለዚህ ሻጩ ሴቲንግ ከፍቶ 128 ቢያሳይህ ማስረጃ አይሆንም። እዚያ ላይ የሚዋሽህ ዕቃው ራሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ 32 ጂቢ የተባለ ካርድ ኮምፒውተር ላይ 29 ጂቢ ገደማ ቢያሳይህ አትደንግጥ። ይሄኛው ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ በ1,000፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ የሚመጣ ልዩነት ነው።

ለመሆኑ 128 ጂቢ ምን ያደርግልሃል? እናስላው። ኪሎቢት ማለት ለእያንዳንዱ ሰከንድ ዘፈን የሚያዘው የመረጃ መጠን ነው፤ ከ128 ጂቢው ጋር አታምታታው። 5 ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን በ128 ኪሎቢት ከተቀዳ 5 ሜጋ አይሞላም። በ320 ኪሎቢት ከሆነ 12 ሜጋ ነው። እውነተኛ 8 ጂቢ ላይ ከ1,600 በላይ የ128 ዘፈን፣ ወይም 650 ያህል የ320 ዘፈን ይገባል ማለት ነው። 1,600 ዘፈን በቀን 2 ሰዓት ብትሰማ ሳይደገም 2 ወር ይወስድብሃል። የማታ ትምህርትህን ቅጂ ጨምረህ እንኳን 32 ጂቢ ይተርፍሃል።

ከ32 በላይ ላለመሄድ ሌላም ምክንያት አለ። እስከ 32 ጂቢ ያሉ ካርዶች ፋት32 በሚባል አደረጃጀት ተሠርተው ይመጣሉ። 64 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ኤክስፋት በሚባለው ነው። ብዙ ርካሽ ማጫወቻ ኤክስፋትን አያነብም፤ «ካርድ የለም» ይልሃል። ሰው ካርዱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። በኮምፒውተር ፋት32 አድርጎ ፎርማት ማድረግ ይቻላል፣ ግን ለምን ጣጣ ውስጥ ትገባለህ?

ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ አላወራም። 128 ይሰማል፣ 192 ጥሩ ነው፣ 256 እና 320 መጋዘንና ታክሲ ውስጥ ለሚሰማ ሰው ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዝ። ዘፈን የሚጭኑ ቤቶች አንዳንዴ የ128ን ፋይል ወደ 320 ቀይረው «ኤችዲ» ይሉታል። አንዴ የተጣለ ድምፅ አይመለስም። ቡናን በቀጭኑ ቀድተህ ሲኒውን ብታተልቀው ቡናው አይወፍርም። በተለይ ከካሴት የተገለበጡት የድሮ ዘፈኖች ካሴቱ ከሰጠው በላይ ሊሰጡህ አይችሉም፤ ሹክሹክታው የቴፑ ነው እንጂ የማጫወቻህ አይደለም።

ባትሪ ለአንተ ዋናው ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያም የተነሳኸው በእሱ ምክንያት ነውና። ትንንሽ ማጫወቻዎች ላይ 200 ወይም 300 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ ታገኛለህ። ከስልክህ ባትሪ ጋር ሲወዳደር ምንም ነው። ግን ማጫወቻው የሚበላውም ትንሽ ነው። 25 ሚሊአምፒር የሚበላ ዕቃ በ300 ባትሪ 12 ሰዓት ይሄዳል። ስክሪን በትልቅነቱ ልክ ይበላል። ብሉቱዝ ሲበራም ሰዓቱ በጣም ይወርዳል። ያ ትልቅ ታች ስክሪን ያለው ዕቃ የስልክህን ችግር በሌላ ኪስ ይዘህ መዞር ነው። ካርቶን ላይ «60 ሰዓት»፣ «80 ሰዓት» የሚሉ ቁጥሮች ካየህ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ የተለካ ነው ብለህ ውሰደው፤ ያውም እውነት ከሆነ።

ታች ስክሪን ለአንተ ሥራ አይሆንም ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ቡና ስታነሳ እጅህ አቧራ ነው። ዘፈን ለመቀየር ባወጣኸው ቁጥር ያንን አቧራ ትቀባዋለህ። ባለ ቁልፍ ማጫወቻ ግን ኪስህ ውስጥ እንዳለ በጣትህ ዳብሰህ ታሳልፈዋለህ።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚያገኘው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ደረጃ ውስጥ፣ ከገባ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ርካሽ ማጫወቻዎች ግን ፊደሉን አይጭኑትም። «ትዝታ» ብለህ የሰየምከው ዘፈን ባዶ ሳጥኖች ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። የሚገርመው፣ አፋን ኦሮሞው በቁቤ ስለሚጻፍ ያለ ችግር ይነበባል። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፈው፣ ከፊቱ 01፣ 02 እያልክ ቁጥር ስጠው። አንዳንድ ማጫወቻ ዘፈኖቹን በፊደል ተራ ሳይሆን በተጫኑበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውተው። የትምህርት ቅጂ ከሆነ ምዕራፍ 7 ከምዕራፍ 2 በፊት ይመጣና ግራ ያጋባሃል። አንድ በአንድ በቅደም ተከተል ብትጭናቸው ይስተካከላል።

አይፖዱ ጥሩ ዕቃ ነበር። ድምፁንም አሠራሩንም አላማም። ግን አፕል አይፖድ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። «አሮጌ» የተባለው ምን ያህል አሮጌ እንደሆነ አስበው። ባትሪው ደክሟል፣ መቀየርም እንደ ባለ ቁልፍ ስልክ ክዳን ከፍቶ አይደለም። የሚሞሪ ካርድ ቦታ የለውም። ከሁሉም በላይ ዘፈን እንደ ፍላሽ ኮፒ አድርገህ አትጭንበትም፤ ኮምፒውተር ላይ አይቲዩንስን የመሰለ የአፕል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሰፈር ዘፈን የሚጭንልህ ልጅ አይፖዱን ሰክቶ ፋይል ቢገለብጥበት፣ ፋይሉ ይገባል፣ ግን አይጫወትም። የራስህ ላፕቶፕ ካለህ በነፃ የመጣን ዕቃ እምቢ አትበል። ከሌለህ ግን ለአጎትህ እንዲህ በለው፤ ከአይፖዱ ይልቅ አንድ ኦሪጅናል 32 ጂቢ ሚሞሪ ከታመነ ሱቅ ገዝቶ ይላክልህ። በሰው እጅ ለመላክም ይቀላል።

ኢርፎን ላይ ሰው ሁሉ ይሰስታል። ከማጫወቻው ጋር በነፃ የሚሰጠው ለመፈተሻ ያህል ነው። ሁለት ማጫወቻዎች በጥሩ ኢርፎን ስታዳምጣቸው ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ አንዱን ማጫወቻ በመጥፎና በጥሩ ኢርፎን ብታዳምጠው ግን ሌላ ዕቃ ይመስልሃል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ ሦስት መጠን ጎማ ያለው፣ ባለ ሽቦ ግዛ። ጎማው ጆሮህን በትክክል ካልዘጋው ቤዙ ይጠፋል፣ አንተም ለማካካስ ድምፁን ትጨምራለህ። ባለ ሽቦ ያልኩህ ባትሪ ስለሚቆጥብና ሬዲዮ ከፈለግክ ደግሞ ሽቦው ራሱ አንቴና ስለሆነ ነው። ብዙ ማጫወቻ ኤፍኤም ያለ ሽቦ አይዝም።

ስለ ጆሮህም ላስጠንቅቅህ። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤልን መነሻ ያደርጋል። 90 ዴሲቤል ከደረሰ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። 10 ዴሲቤል ሲጨመር ሰዓቱ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል ማለት ነው። ማጫወቻህ ዴሲቤል አያሳይህም። ስለዚህ ድምፁን ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ አስተካክልና መጋዘን ስትገባ አትጨምር። መንገድ ስታቋርጥ ደግሞ አንዱን ጆሮ አውጣ። የጅማ ባጃጅ ከየት እንደሚመጣ በጆሮ ካልሆነ አይታወቅም።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ባለ ቁልፍ፣ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ የሚሞሪ ካርድ ቦታ ያለው፣ ወፍራሙ የኢርፎን ቀዳዳ፣ ማለትም 3.5 ሚሊ ሜትሩ ያለው ኤምፒ3 ማጫወቻ ግዛ። ካሜራ፣ ጨዋታ፣ ቪዲዮ ያለበትን ተወው። ከ3,000ው ግማሹ ለማጫወቻው፣ ሩቡ ለኢርፎኑ፣ የቀረው ለካርድና ለኬብል ይሁን። በገንዘብህ ልክ ፈተናውን የሚያልፍ ማጫወቻ ካጣህ፣ ሚሞሪ የሚቀበል ባለ ቁልፍ ስልክ ውሰድ እንጂ መጥፎውን ማጫወቻ አትሸከም። ስልኩ ላይ ድምፁ ትንሽ ሻካራ ሊሆን ይችላል፣ የዘፈን አደራደሩም አይመችም። ግን ባትሪው በእጅ ይወጣል፣ ሲደክም ባትሪ ብቻ ገዝተህ ትቀይራለህ። ትልቁ ስልክህ ሲጠፋም መደወያ ይሆንሃል።

ፈተናው ምንድን ነው? ሱቅ ስትሄድ የራስህን ካርድና ኢርፎን ይዘህ ሂድ። ካርዱ ላይ አንድ የ128 ዘፈን፣ አንድ የ320፣ አንድ በአማርኛ የተሰየመ፣ አንድ ደግሞ የአንድ ሰዓት የትምህርት ቅጂ ይኑርበት። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫን፤ የሚጣበቅ ወይም ሁለት ጊዜ የሚያሳልፍ ካለ መልስ። ኢርፎኑን ሰክተህ ጃኩን፣ ማለትም መሰኪያውን፣ ቀስ አድርገህ አዟዙረው። ከተንኮሻኮሸ ወይም አንዱ ጆሮ ከጠፋ ያ ዕቃ ሁለት ወር አይከርምም። ዘፈኑን አቁመህ ዝምታውን አዳምጥ፤ ሹሹታ ካለ ሁልጊዜም ይኖራል። ትምህርቱን መሐል ላይ አድርሰህ አጥፋው፣ እንደገና አብራው። ካቆመበት ከጀመረ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ከጀመረ፣ ለማታ ተማሪ መከራ ነው። ዕቃውን ኪስህ ውስጥ ከተህ ቁልፍ መቆለፊያው መሥራቱንም እይ። ይህን ሁሉ ለማድረግ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያንተ ጥፋት አይደለም።

ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ አዲሱ ዓይነት፣ ታይፕ ሲ፣ ከሆነ አንድ የታወቀ ችግር አለበት። ርካሽ አምራቾች ውስጡ መግባት ያለባቸውን ሁለት ሬዚስተር የሚባሉ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ይተዋሉ። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ስትሰካው ቻርጀሩ ዕቃው መሰካቱን ስለማያውቅ ኃይል አይለቅም። ሰው «ሞተ» ብሎ ያመጣልኛል። በአንድ በኩል የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ያለውን ኬብል ስሰካበት ወዲያው ይነሳል። እንዲህ ያለውን ኬብል ያዝ። ባትሪውን እስኪሞት አትጠብቀው፤ ትንሽ ሲቀረው ሙላው። ከጀርባው ካበጠ ግን በቃ፣ ቻርጅ ማድረግ አቁም። አትጫነው፣ አትብሳው።

የጅማ እርጥበት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። በክረምት የጃኩ ብረት ይዝግና ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። የቡና ገለባ ብናኝም ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ዕቃውን አጥፍተህ በስንጥር ጫፍ ቀስ ብለህ አውጣው፣ ማታ ማታም ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጠው። ዝናብ ከመታው ሩዝ ውስጥ መክተቱን እርሳው። ዱቄቱ ይብሱን ይገባበታል። አጥፍተህ አየር የሚያገኝበት ጥላ ቦታ አንድ ሁለት ቀን ተወው።

ዘፈን የሚጭኑ ቤቶች ስትሄድ ማጫወቻውን ሙሉ አትስጥ፤ ካርዱን ብቻ ስጥ። የእነሱ ኮምፒውተር ላይ የማንም ፍላሽ ይሰካል፣ ሾርትከት ቫይረስም ከዚያ ነው የሚመጣው። ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ብታገኛቸው ዘፈኖቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። በንጹህ ኮምፒውተር የተደበቀውን አስወጥቶ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ከዚያ ካርዱን ፎርማት ማድረግ ነው። «ሁሉም ጠፍቷል» ብሎ እንደ አዲስ ሊያስከፍልህ የሚፈልግ ካለ አትመነው።

የቀረው የሚሞሪው ፈተና ነው፤ ይሄ ሱቅ ውስጥ አያልቅም። ርካሽ ማጫወቻ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢጽፍ 32 ጂቢ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ስለዚህ ቤት ወስደህ ካርዱን በዘፈን እስከ አፉ ሙላው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን፣ የመሐሉንና የመጨረሻዎቹን አጫውት። ኮምፒውተር የሚችል ጓደኛ ካለህ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እውነተኛ መጠኑን ይነግርሃል። ይህን ለማድረግ ቀን ያስፈልግሃል። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ሻጩ ደረሰኙ ላይ «ሚሞሪው የተባለውን ያህል ካልሆነ በ3 ቀን ውስጥ ይመለሳል» ብሎ ይጻፍልህ። በአፍ ብቻ «ችግር የለም ወንድሜ» ካለህ ብርህን ኪስህ መልሰህ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፍ።